ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ «አይዳ»ንስ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ታናሽ እህቴ ከዋሽንግተን ደውላ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ ሌሊት ግን የመልአኩን ማንነት ማጣራት ግድ ሆነብኝ። የሥራ ባልደረቦቿ «በስምሽ የተሰየመ ኦፔራ ሊታይ ነው» ብለው ጋብዘዋት፣ የአገር ልብሷን ለብሳ፣ ደስ ብሏት ሄዳለች። መጋረጃው ሲገለጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በግብፅ ቤተ መንግሥት ለፈርዖን ሴት ልጅ ገረድ ሆና አገኘቻት። ቆይቶም ንጉሡ ራሱ ማንነቱን ደብቆ፣ ከምርኮኞች ጋር ታስሮ፣ መለከት እየተነፋ በድል አድራጊዎቹ ፊት ሲነዳ አየች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባልደረቦቿ ወደ እርሷ ዘወር እያሉ ፈገግ ይላሉ፤ እርሷ የምትገባበት ጠፍቷታል። «አባባ ይህን ነው ያወጡልኝ?» አለችኝ። «አንተስ ጋሼ፣ የታሪክ ሰው ነኝ ትላለህ፤ እስከ ዛሬ እንዴት ሳትነግረኝ ቀረህ? ስሜን ልቀይረው ነው።»

በዚያች ሌሊት ያልሰጠኋት መልስ ይህ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእህቴ የልደት ዓመት ሲቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እህቴ በ1977 ዓ.ም. ስትወለድ አያታችን ስሙን ሰምተው ተቆጥተው ነበር። «እንዴት ያለ ነገር ነው! ከ"አይ" የሚጀምር ስም ለልጅ ይሰጣል?» አሉ። ቀጥለውም ያገራችን ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ «ትርጉሙስ ምንድን ነው?» መምህር የነበሩት አባታችን የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ «የልዕልት ስም ነው»። አያታችን በዚህ አልረኩም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ልጅቱን «የሺ» እያሉ ነው የጠሯት።

አያታችን ያለ ምክንያት አልተቆጡም። በእኛ ዘንድ ስም ይናገራል። «ምንትዋብ» የሚለው ስም ልጂቱን ባየ ጊዜ ከአፍ ያመለጠ አድናቆት ነው፤ «ጣይቱ» ፀሐይን ያወጣል፤ «የሺ» የብዙዎች እመቤት እንድትሆን የተሰጠ ምርቃት ነው። ስሙን ሰምተን የወላጁን ደስታ ወይም ኀዘን፣ አልፎ አልፎም ከጎረቤት ጋር ያለውን ጠብ ሳይቀር እናውቃለን። «አይዳ» ግን በአማርኛ አንዳች አይናገርም። በከተማ ቤቶች የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ አጭር ነው፣ ለፈረንጅ ምላስ ይቀናል፣ ማንም ከየትኛው ወገን እንደሆንሽ ከስምሽ ሊያነብ አይችልም። በክፍሎቼ የስም መጥሪያ ላይ በየጥቂት ዓመቱ አንዲት አይዳ ትመጣለች። ትርጉሙን የምታውቅ ግን እስካሁን አልገጠመችኝም።

ለመሆኑ ስሙ ከየት መጣ? ከግእዝ አይደለም። ከመጽሐፍ ቅዱስም አይደለም፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 የላሜሕ ሚስት ሆና የምትጠቀሰው «ዓዳ» ሌላ ናት፣ ምንም እንኳ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያስረዱ ወላጆች ቢያጋጥሙኝም። ስሙን ለኢትዮጵያዊት ልዕልት ያወጣው ኦጉስት ማርዬት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ማርዬት በ1821 ቡሎኝ በተባለችው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደ፤ በግብፅ አሸዋ ሥር የተቀበረውን ጥንታዊ ቅርስ ሲቆፍር ኖሮ፣ በካይሮ የቡላቅን ሙዚየም አቋቁሞ፣ በ1881 እዚያው ሞተ። ጌታው ከ1863 እስከ 1879 ግብፅን የገዛው ኬዲቭ እስማኤል ፓሻ ነበር።

እስማኤል አገሩን የአውሮፓ ክፍል ለማድረግ ቸኩሎ የነበረ ሰው ነው። የስዊዝ ቦይ በኖቬምበር 1869 ሲመረቅ በካይሮ የኦፔራ ቤትም አሠርቶ ነበር። ብዙ ሰው «አይዳ» ለቦዩ ምረቃ የተደረሰ ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። ኦፔራ ቤቱ የተከፈተው በሌላው የቬርዲ ሥራ፣ በ«ሪጎሌቶ» ነው። ጁዜፔ ቬርዲ ለምረቃው መዝሙር እንዲደርስ ተጠይቆ እምቢ ብሏል። በ1870 ግን የማርዬት ታሪክ በካሚል ዱ ሎክል አማካይነት እጁ ሲገባ ልቡ ተነካ፤ 150 ሺህ ፍራንክ ተነጋግሮም ሥራውን ተቀበለ። ግጥሙን በጣሊያንኛ ያሰናዳው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። በመካከሉ ፕሩሲያ ፓሪስን ከበበች፤ በዚያ የተሠራው አልባሳትና የመድረክ ዕቃ ከከተማይቱ መውጣት አቅቶት ትርኢቱ ወደ አንድ ዓመት ዘገየ። በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። ቬርዲ አልሄደም። ለእርሱ እውነተኛው ምረቃ በፌብሩዋሪ 1872 ሚላን ላይ የተደረገው ነበር።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። ማርዬት ስለ ኦፔራው በተጻጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ስለ ስያሜው ሲያስረዳ ስሙ የግብፅ ስም ነው ይላል። በደንቡ «አይታ» መባል ነበረበት፤ ነገር ግን «አይታ» ለጆሮ ስለሚሻክር ዘፋኞቹ ራሳቸው አለስልሰው «አይዳ» ማለታቸው አይቀርም በማለት አስቀድሞ አለሰለሰው። እንግዲህ ልብ ይሏል! የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ስም በአውጪው በራሱ አንደበት የግብፅ ስም ነው፤ የመጨረሻውን ፊደል የወሰነላትም የጣሊያን ዘፋኞች ጉሮሮ ነው። አያታችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ከዚህ የባሰ አለ። በ1862 በዛሬዋ ሱዳን፣ ጀበል ባርካል በተባለው ስፍራ፣ ጥንት ናፓታ በነበረችበት፣ አንድ ትልቅ የድንጋይ ሐውልት ተገኘ። ሐውልቱ ወደ ማርዬት ሙዚየም መጣ። በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ የናፓታው ንጉሥ ፒዬ፣ በቀድሞው አጠራር ፒያንኪ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ሰሜን ዘምቶ ግብፅን እንዴት እንዳስገበረ፣ ሜምፊስንም በጦር ኃይል እንዴት እንደያዘ የሚተርክ ነው። ጥንታውያኑ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ያሉት ይህንኑ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁሮች ምድር ነበር። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ንጉሥ ሜምፊስን ሲይዝ የሚያሳየውን ድንጋይ በገዛ ሙዚየሙ የያዘ ሰው፣ ለመድረክ ሲጽፍ ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት በሜምፊስ ገረድ፣ አባቷን በቴቤስ በር ምርኮኛ አደረገ። ታሪኩን ገለበጠው። ስላላወቀ ነው እንዳንል፣ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ በካይሮ አልነበረም። ደራሲ ታሪክን የመገልበጥ መብት አለው፤ እኔ የምጠይቀው ግልበጣው ለማን ይመች እንደነበር ነው።

ለኬዲቩ ይመች ነበር። የኦፔራው ኢትዮጵያ የናፓታ ምድር ነው እንጂ የእኛ ደጋ አይደለም የሚል ሙግት አለ፤ በጂኦግራፊ ደረጃ ትክክል ነው። በ1871 ካይሮ ውስጥ በቬልቬት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሹም ግን «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል የጥንት ወሬ ብቻ አልነበረም። እስማኤል በ1860ዎቹ አጋማሽ ምጽዋን ከኦቶማኑ ሱልጣን ተረክቦ ነበር። በ1872 ስዊሳዊው ሹሙ ቨርነር ሙንዚንገር ከረንንና የቦጎስን ምድር ያዘለት። በ1875 ራኡፍ ፓሻ ሐረር ገባ። ኤድዋርድ ሳይድ በ1993 ባሳተመው «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» መጽሐፉ ይህን ኦፔራ የኢምፓየር ሥራ አድርጎ መርምሮታል። የኬዲቩን የምሥራቅ አፍሪካ ምኞት ባይዘነጋውም ዋናው ክርክሩ ከአውሮፓ ጋር ነው። ከመረብ ወዲህ ቆሞ ለሚያይ ግን በዚያን ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው ኢምፓየር መነሻው ካይሮ ነበር።

መልሱም ዘግይቶ አልመጣም። አይዳ በካይሮ ከታየች አንድ ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1872፣ የተምቤኑ ካሣ በአክሱም ጽዮን አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በኖቬምበር 1875 በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የሚመራው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ከሸለቆ ውስጥ ተከብቦ አለቀ፤ መሪውም ሞተ። በዚያው ሰሞን ሙንዚንገር በአውሳ ተገደለ። ኬዲቩ አልተማረም፤ ከፊተኛው የሚበልጥ ጦር በራቲብ ፓሻ አዛዥነት ላከ። ከራቲብ ጋር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በደቡቦቹ ወገን የተዋጋው ሎሪንግና የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን ጭምር ነበሩበት። ይህም በማርች 1876 ጉራዕ ላይ ተሰበረ፤ መድፉና ሬሚንግተን ጠመንጃው በአፄ ዮሐንስ እጅ ቀረ። በኦፔራው ውስጥ ግብፃዊው የጦር አለቃ ራዳሜስ የሠራዊቱን መንገድ፣ የናፓታን የገደል መተላለፊያ፣ ለአይዳ ሲነግራት አባቷ ተደብቆ ይሰማል፤ ኢትዮጵያውያኑ በዚያ ሊያደቡ ይመኛሉ፤ ግን አይሳካላቸውም። ጉንደት ላይ ተሳክቶላቸዋል። ኬዲቩ በዚያው በ1876 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በ1879 ከሥልጣኑ ተነሣ። ዕዳው ከጉራዕ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ቦዩም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ኦፔራውም ነበሩበት። ኦፔራ ቤቱ ራሱ በኦክቶበር 1971፣ የአይዳ መቶኛ ዓመት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ተቃጠለ። በቦታው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ተሠራበት።

ስሙ ግን ከኬዲቩም ከኦፔራ ቤቱም ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በጣሊያን፣ በተለይ ኦፔራ እንደ እንጀራ በሚወደድበት በኤሚሊያ ሮማኛ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን አይዳ፣ አምኔሪስ፣ ወንዱንም ራዳሜስ ይሉ ጀመር። በዚህ ስም የምትጠራ ቅድስት ስለሌለች የስሟን ቀን የምታከብር ጣሊያናዊት አይዳ የምታከብረው ኖቬምበር 1 በሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። (የእኛም ቄስ ለእህቴ የክርስትና ስም ሲያወጡ «አይዳ»ን እንዳልሰሙ አልፈውታል።) በስፓኝና በላቲን አሜሪካም ሥር ሰደደ። በቦስኒያ ለአውሮፓም ለእስልምናም የሚስማማ ሆኖ በመገኘቱ በሙስሊም ቤቶች ተወደደ፤ በ2020 የወጣው ስለ ስሬብሬኒሳ ፍጅት የሚተርከው ፊልም ዋና ባለታሪክ አይዳ መባሏ ያለ ምክንያት አይደለም። ዓረቦች ደግሞ ስሙን ሲሰሙ የራሳቸውን ቃል ሰሙ፤ «ዓይዳ» በዓረብኛ «ተመላሽ» ማለት ነውና። ዑም ኩልሱም በ1942 «አይዳ» በተባለ ፊልም ተጫውታለች፤ ነጂብ ማሕፉዝም በ1957 ባሳተመው «ቀስር አል-ሸውቅ» ልቦለዱ ወጣቱ ከማል የሚያመልካትን ባለጸጋ ልጅ አይዳ ብሏታል። የግብፅ ባሪያ ተብላ የተፈጠረችው በካይሮ የባላባት ልጅ ሆና አረፈች።

በአሜሪካ ሌላ ነገር ሆነ። ለብዙ ዘመን አይዳን የሚጫወቱት ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት እየተቀቡ ነበር፤ ይህ ልማድ በ2022 እንኳ በቬሮና ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ሚሲሲፒ ውስጥ የተወለደችው ጥቁር አሜሪካዊት ሊዎንቲን ፕራይስ ግን ይህን ሚና የራሷ አድርጋ፣ በጃንዋሪ 1985 ከኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን መድረክ የተሰናበተችውም በአይዳ ነበር። እህቴን በዚያ ምሽት ፕራይስ ብትዘፍንላት ኖሮ ምናልባት አትደውልልኝም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የማልፈው ነገር የለም። በ1927 አዲስ አበባ ላይ ለራስ ደስታ ዳምጠውና ለልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ሴት ልጅ ተወለደች፤ አይዳ ተባለች። የእቴጌ መነንና የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ የልጅ ልጅ ናት። ከግእዝ የማይመጣ፣ ቅድስት የሌለው ስም ሰሎሞናዊ ነኝ ባለው ቤተ መንግሥት እልፍኝ ገባ። ስምንት ዓመት አለፈ። በ1935 የጣሊያን ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምቱ በአፋቸው የነበረው «ፋቼታ ኔራ» የተባለው ዘፈን ነው፤ ጉዳዩም ባሪያ የሆነች ሐበሻዊት ልጅን ነፃ አውጥቶ ወደ ሮም ስለ መውሰድ ነው። የማርዬት ልዕልት እንደገና መጣች ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ያለ ዘውድ፣ በሰልፍ ዜማ። የእውነተኛይቱ አይዳ አባት ግን በሲዳሞ ዱር ሲዋጉ ቆይተው በፌብሩዋሪ 1937 ተይዘው በጣሊያኖች ተረሸኑ። ልጃቸው ያኔ በእንግሊዝ አገር ስደተኛ ነበሩ፤ ገና አሥር ዓመት አልሞላቸውም።

ኋላ ያገቡት ማንን እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ራስ መንገሻ ሥዩምን ነው። ራስ መንገሻ የራስ ሥዩም ልጅ፣ የራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ፣ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የጉንደትና የጉራዕ ባለድል ቤት አይዳ በምትባል ልዕልት ምራት ሆነ። ራስ መንገሻ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1974 የትግራይ እንደራሴ በነበሩበት ዘመን በአፄ ዮሐንስ ከተማ በመቀሌ የእንደራሴው ባለቤት እርሳቸው ነበሩ። ኬዲቩ ለዘፈን የገዛው ስም እርሱ በጦር ያልደረሰበት ቤት በእመቤትነት ገባ። ይህን ታሪክ ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ኖሬ ይህችን መጋጠሚያ ያስተዋልኳት ከእህቴ ስልክ በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል።

አብዮቱ ፈነዳ። ራስ መንገሻ ወደ በረሃ ወጡ፤ ልዕልት አይዳ ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ጋር ታሰሩ። እስከ 1988 ድረስ፣ ወደ 14 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ያለ ፍርድ እስር ቤት ቆዩ፤ ያ እስር ቤት «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር። በ2013 በአሜሪካ አረፉ። አባታችን በ1977 ዓ.ም. «የልዕልት ስም ነው» ሲሉ ልዕልቲቱ ዓለም በቃኝ ነበሩ። ቀበሌ በየቤቱ ጆሮ በነበረው ዘመን አንድ ደመወዝተኛ መምህር ለልጁ ይህን ስም ሲያወጣ የትኛዋን ልዕልት ማለቱ ነው? ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። መዝሙርና ኦፔራ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ዝም ማለትንም የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መታገሥ ያቅተኛል። የመጀመሪያዎቹ በየባህል ምሽቱ «ታላቁ ቬርዲ ስለ እኛ ልዕልት ጻፈ» እያሉ የሚመጻደቁ ናቸው። አልጻፈም፤ ስለ እኛ መማረክ ጻፈ፤ ሙዚቃው ግሩም መሆኑ ይህን አይሸፍነውም። ሁለተኛዎቹ የዓባይ ሙግት በጋለ ቁጥር ብቅ የሚሉት ናቸው። የሕዳሴው ግድብ በሴፕቴምበር 2025 በተመረቀ ማግሥት አንድ ተማሪዬ «ግብፅ ያወጣችልንን ስም የሚሸከሙ እኅቶቻችን ስማቸውን ይለውጡ» ሲል በክፍል ውስጥ ተናገረ። በስም መጥሪያዬ ላይ ያለችው አይዳ ከኋላ ወንበር ሆና ቀና ብላ አየችው፤ ምንም አላለችም። እኔም በሰዓቱ የረባ ነገር አልመለስኩለትም። ስሙን ጉራዕ ላይ ከተማረከው መድፍ ለይቼ አላየውም፤ የተሠራው በእኛ ላይ ነው፣ የቀረው ግን በእኛ እጅ ነው። መድፉን ግብፅ ነው የሠራችው ብሎ የጣለ ንጉሥ አልነበረንም።

ለእህቴ በመጨረሻ የነገርኳት ግን ይህን ሁሉ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤይሩት ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ነው የነገርኳት። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ወደ አገሯ የምትመለስ ናት። ስሟን ስጠይቃት «አይዳ» አለችኝ። አብረዋት የሄዱትን ልጆች ስም አሠሪዎቻቸው እየለወጡባቸው በማያውቁት ስም ሲጠሩ፣ የእርሷን ግን ማዳሟ «ይህስ የእኛ ስም ነው» ብላ እንደተወችላት አጫወተችኝ። ፓስፖርቷን እንድትሰጣት በለመነቻት ቁጥር ማዳሟ «ስምሽ ተመላሽ ማለት ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ስለ ኦፔራው ነገርኳት። ስለ ንጉሡ ልጅ፣ ስለ ግብፅ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ገረድነቷ። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «መጨረሻዋስ? አገሯ ገባች?»

አልገባችም አልኳት፤ ከምትወደው ሰው ጋር መቃብር ውስጥ ተዘግቶባት ነው የምትሞተው።

«እኔ እሻላለሁ በለኛ» አለች። የእንጦጦ መብራት በመስኮቱ ሲታይ መንኮራኩሩ መሬት ሳይነካ ቀበቶዋን ፈትታ ነበር፤ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ተቆጥታ አስቀመጠቻት።